በመጋቢት ወበቅ ነጎድጓድ ለሚጠባበቁ፦ ኢዩሜትቪው ሲፈተሽ

መሐል አዲስ አበባ ሆኖ «ዛሬ ይጥላል ወይስ ጠቁሮ ጠቁሮ ያልፋል?» እያለ ወደ ሰማይ ለሚያንጋጥጥ ሰው፣ በነፃ ከሚገኙት አገልግሎቶች ሁሉ የሚሻለው የሳተላይት ምስል የሚያሳየው ድረ ገጽ፣ ኢዩሜትቪው፣ ነው። ግን እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። ገጹ ለአዲስ አበባ ተብሎ አልተሠራም፤ ሰዓቱ የእኛ አይደለም፣ ረጅሙን ደመና ከቦታው ገፍቶ ያሳያል፣ አብረውት የሚነበቡት መመሪያዎችም ባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው የተጻፉ ናቸው። እነዚህን ማረም የለመደ ሰው አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ ቆሞ የመጀመሪያውን ጉርምርምታ ከመስማቱ በፊት ነገሩን ያውቀዋል።

ወቅቱን አስቀድመን እንለይ። የአውሮፓ ሰማይ ተከታታዮች በሐምሌና በነሐሴ ሐሩር የሚናፍቁትን ነጎድጓድ እኛ የምንናፍቀው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። የእኛ ሐምሌ ብርድ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የአዲስ አበባ የቀን ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 25 ዲግሪ አካባቢ ይሆንና፣ አየሩ ለቀናት ጠርቶ ሲከርም 28 እና 29 ይገባል። ያን ጊዜ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤትና የኮንዶሚኒየሙ የላይኛው ፎቅ እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀቱን አይለቅም። ይህን የሚሰብረው የበልግ ነጎድጓድ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ክረምቱ ዝናብ ከተማውን በሙሉ አያዳርስም። ጠባብ ነው፣ ፈጥኖ ያድጋል፣ ፈጥኖ ይሞታል፣ ሰፈር ይመርጣል። ፒያሳ ዶፍ ሲወርድ ሜክሲኮ ፀሐይ ይሆናል፤ መሐል ላይ ያሉት ልጆች «ጅብ ወለደች» ይላሉ።

ስልክ ላይ አብሮ የሚመጣው መተግበሪያ ለዚህ ጉዳይ የማይረባው በዚሁ ምክንያት ነው። ከእነዚህ መተግበሪያዎች ብዙዎቹ የሚመገቡት ጂኤፍኤስን የመሰለ ዓለም አቀፍ የአየር ትንበያ ስሌት ነው። በነፃ የሚሰራጨው የጂኤፍኤስ ውጤት ምድርን የሚከፍለው 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ሳጥኖች ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው እንጦጦና 2,100 ሜትር አካባቢ ያለው አቃቂ አንድ ሳጥን ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ስሌቱ ተራራውንና ሜዳውን አማክሎ አንድ ከፍታ፣ አንድ ሙቀት፣ አንድ ዝናብ ይሰጣል። «40 በመቶ» የሚለው ቁጥር ሰፊውን አካባቢ እንጂ የእናንተን ሰፈር አይመለከትም። በልግ በጠቅላላው እንዴት እንደሚሆን ማወቅ የሚፈልግ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን የወቅት ትንበያ ቢከታተል ይሻለዋል። ለዛሬ ከሰዓት ግን ትንበያ ሳይሆን ዓይን ያስፈልጋል።

ዓይኑን የሚሰጠው ኢዩሜትቪው ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጀርመን ዳርምሽታት ያለው የአውሮፓ የሜትሮሎጂ ሳተላይቶች ድርጅት፣ ኢዩሜትሳት፣ የሳተላይት ምስሎቹን ለሕዝብ የሚያሳይበት ድረ ገጽ ነው። ለማየት መመዝገብ አያስፈልግም፣ ክፍያም የለውም። ለእኛ የሚጠቅሙት ሁለት ሳተላይቶች ናቸው። አንደኛው ሜቲዮሳት-12 ነው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ተወንጭፎ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በመደበኛ አገልግሎት ላይ የዋለው የአዲሱ ትውልድ ሳተላይት። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በላይ፣ 0 ዲግሪ ላይ ቆሞ የምድርን ግማሽ ፊት በየ10 ደቂቃው ያነሳል፤ መብረቅ የሚያይ መሣሪያም ተሸክሟል። ሁለተኛው ሜቲዮሳት-9 ነው። አሮጌ ነው፣ ምስሉም በየ15 ደቂቃው ነው የሚመጣው፤ ነገር ግን የሚቆመው 45.5 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከሶማሊያ ጠረፍ ባሻገር ስለሆነ እኛን የሚያየን ከአናታችን ላይ ነው ማለት ይቻላል። አብዛኛው ተጠቃሚ አዲሱን ከፍቶ አሮጌውን ይረሳል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ጉዳት አለው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንመጣበታለን።

ገጹን ስትከፍቱ ካርታው ሰፊ ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባን መሐል አድርጋችሁ፣ በምሥራቅ አዋሽ፣ በምዕራብ አምቦ፣ በደቡብ ዝዋይ ሐይቅ እስኪታዩ አጥብቡት። ከዚያ በላይ ማጥበብ ምስሉን ያደበዝዘዋል እንጂ ዝርዝር አይጨምርም። ሌየር (ካርታው ላይ የሚደረብ ምስል) ከሚጨመርበት ቦታ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የሜቲዮሳት-12ን ጂኦከለር (ቀን በተፈጥሮ ቀለም የሚታየውን ምስል)፣ የዚያኑ ሳተላይት ኢንፍራሬድ 10.5፣ እንዲሁም የመብረቅ መሣሪያውን «አኪዩሙሌትድ ፍላሽ ኤሪያ» የተባለውን፣ ብልጭታ የታየበትን ስፍራ ደምሮ የሚያሳየውን ሌየር። አራተኛ ሆኖ የሕንድ ውቅያኖሱን ሳተላይት፣ የሜቲዮሳት-9ን፣ ኢንፍራሬድ 10.8 ጨምሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታብሩ፤ ገጹ ይከብዳል፣ ዳታም ይበላል።

ሰዓቱ የሚሰጠው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ነው። ወደ እኛ ሰዓት አቆጣጠር ለመቀየር 3 መቀነስ ብቻ ነው። 12:00 ከተባለ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ 10:40 ከተባለ 7 ሰዓት ከ40፤ 15:00 ደግሞ ምሽት 12 ሰዓት። ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ቀንሱ፣ ከ4 በታች ያለ ቁጥር ላይ ደግሞ አስቀድማችሁ 12 ጨምሩ፦ 00:00 ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ሌላ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፤ ምስሉ በአንድ ቅጽበት የተነሳ ፎቶ አይደለም። ሳተላይቱ ምድርን ለመቃኘት 10 ደቂቃውን ይፈጃል፣ ተሠርቶ ገጹ ላይ እስኪወጣ ደግሞ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የምታዩት ቢያንስ የሩብ ሰዓት ወሬ ነው። አንድ የበልግ ደመና ከነጭ ጉብታ ተነስቶ መብረቅ እስኪያወርድ ግማሽ ሰዓት ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ጊዜ ይበቃዋል፤ ዕድሜው ሁሉ ከአንድ ሰዓት ላይዘል ይችላል። በምስሉ ላይ ያማረው ትልቁ ደመና እናንተ ስታዩት ምናልባት አልቆለታል።

እንግዲህ መፈለግ ያለበት የደረሰው ሳይሆን እያደገ ያለው ነው። ኢንፍራሬዱን አብሩና ሦስት ተከታታይ ምስሎችን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አመላልሱ። ኢንፍራሬድ የሚያሳየው የደመናውን አናት ሙቀት ነው፤ በጥቁርና ነጩ አሳሳል ነጭ ማለት ቀዝቃዛ፣ ቀዝቃዛ ማለት ከፍ ያለ ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ከግራጫ ወደ ደማቅ ነጭ የተለወጠ ነጥብ ካያችሁ እሱ ነው የዛሬው ባለ ጉዳይ። ጠርዙ ስለት ያለው፣ ክብ፣ ትንሽ ከሆነ እያደገ ነው። ጠርዙ በአንድ ወገን እየሳሳ እንደ ጃንጥላ ከተዘረጋ የደረሰ ነው። ጠርዙ ዙሪያውን ከደበዘዘ እየሞተ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በየካቲትና በመጋቢት ከፍተኛ ስስ ደመና ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አገራችንን ያቋርጣል። ከፍ ያለ ስለሆነ በኢንፍራሬድ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዝናብ ግን የለውም። ለመለየት ጂኦከለሩን አብሩ፦ ከሥሩ መሬቱ፣ ሐይቁ፣ የተራራው ጥላ የሚታይ ከሆነ ስስ ነው። የነጎድጓድ ደመና ምንም አያሳልፍም፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ በምሥራቅ ጎኑ ጥላ ይጥላል። እንዲህ ያለ ስስ ደመና ጠዋት ከተማውን ከሸፈነው ሌላም መዘዝ አለው፤ ፀሐይዋን ስለሚጋርድ መሬቱ በጊዜው አይሞቅም፣ የከሰዓቱ ነጎድጓድ ይዘገያል ወይም ይቀራል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ የፀሐይ ብርሃኑ ምስል ስለማይኖር ኢንፍራሬዱ ብቻውን ይቀራል።

አሁን ወደ ተገፋው ደመና። ሜቲዮሳት-12 አዲስ አበባን የሚያያት ከምዕራብ በኩል በአግድም ነው። ከእኛ ሲታይ ሳተላይቱ ከአድማስ በላይ 44 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በአግድም ሲታይ ደግሞ የረጅም ነገር አናት ከግርጌው አልፎ ከኋላው ባለው መሬት ላይ ይወድቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በዚህ ማዕዘን ደመናው የቁመቱን ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን አዘንብሎ ይገፋል። አናቱ ከባሕር ጠለል 14 ኪሎ ሜትር የደረሰ ደመና ካርታው ላይ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይሳላል። ይህ በከተማችን ልክ ሲታይ ቀላል አይደለም። ለገጣፎ ላይ የተቀመጠ የሚመስለው ነጭ አናት በእውነቱ ያለው ፒያሳና አራት ኪሎ ላይ ነው። መስቀል አደባባይ ላይ የተሳለው ደግሞ ገና ወጨጫ ግርጌ ነው። «ካርታው አናቴ ላይ ነው ይላል፣ እኔ ግን ፀሐይ ላይ ነኝ» የሚለው የተለመደ ቅሬታ መነሻው ይኼ ነው። ዝቅተኛ ደመና የሚገፋው በዝቅታው ልክ ነው፤ አናቱ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ጉብታ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሸሻል። ስለዚህ አንዱ ደመና እያደገ ሲሄድ ነፋስ ሳይነካው ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ይመስላል።

አሮጌው ሜቲዮሳት-9 ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ነው። ከ45.5 ዲግሪ ሲታይ ያው 14 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ደመና የሚገፋው ወደ ሰሜን ምዕራብ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የእኛ ምክር፦ እድገቱን ከአዲሱ፣ ቦታውን ከአሮጌው አንብቡ። ኢዩሜትሳት ሁለቱን ለምሥራቅ አፍሪካ ተጠቃሚ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ስለ መገፋቱ አንድ መስመር ማሳሰቢያ ገጹ ላይ ቢጽፍ ትልቅ ውለታ በሆነ ነበር። ከገጹ ጉድለቶች ሁሉ የከፋው ይህ ዝምታ ነው።

የመብረቅ ሌየሩ ለአፍሪካ ታላቅ ነገር ነው። የምድር መቀበያ ጣቢያ በሌለበት ሁሉ ያያል። መሣሪያው አራት ካሜራዎች አሉት፤ በሰከንድ 1,000 ጊዜ እያነሱ ከደመናው አናት የሚፈነጥቀውን የብርሃን ብልጭታ ይለቅማሉ። ገደቡንም ማወቅ ያስፈልጋል። ከላይ ሆኖ ብርሃን ነው የሚቆጥረው፤ መብረቁ መሬት ይውረድ ወይም ደመና ውስጥ ይቅር አይለይም። የአንዱ ነጥብ ስፋት ከሳተላይቱ ሥር 4.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ማዕዘኑ ስለሚያጋድል ከዚያ ይሰፋል፤ «የእኛ ሰፈር ላይ ወደቀ» ለማለት አይበቃም። በቀን ፀሐይ የደመናውን አናት ስለምታበራው ደካማ ብልጭታ ይሰወርበታል፤ ሌሊት የተሻለ ያያል። ስለዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሌየሩ ባዶ መሆኑ መብረቅ የለም ማለት አይደለም። ኢንፍራሬዱ ደማቅ ነጭ ከሆነና ከበስተ እንጦጦ ጉርምርምታ ከተሰማ ጆሯችሁን እመኑ።

ብሊትዞርቱንግን የሚመርጡ አሉ። በፈቃደኞች ጣቢያዎች የሚሠራ፣ ከ3 እስከ 30 ኪሎኸርዝ ያለውን የመብረቅ ሞገድ የሚያዳምጥና ሞገዱ በየጣቢያው የደረሰበትን ሰዓት አወዳድሮ ቦታውን የሚያሰላ መረብ ነው። አውሮፓ ውስጥ ድንቅ ነው፤ ጣቢያዎቹ ብዙ ናቸው። አፍሪካ ውስጥ ጥቂት ስለሆኑ በእኛ በኩል ኃይለኛውን መብረቅ ብቻ ይይዛል፣ ቦታውንም ሊያዛንፍ ይችላል። ፍጥነቱ ግን የሚመሰገን ነው፤ ሳተላይቱ ዘግይቶ የሚያሳየውን በሰከንዶች ውስጥ ካርታ ላይ ያደርገዋል። ከነጥቡ የሚሰፋው ክብ የነጎድጓዱ ድምፅ የሚጓዝበትን ርቀት ያሳያል። ለመሐል ከተማ ሰው እንደ ማንቂያ ደወል ይጠቅማል፤ ከዚያ አያልፍም።

ኢዩሜትቪው የማይመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ዛሬ ደመናው ለማደግ የሚያበቃ እርጥበት አለ ወይ? ለዚህ ጠዋት ላይ ሁለት ነገር ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው የቦሌ አየር ማረፊያ የአየር ሁኔታ መልእክት ነው፤ አብራሪዎች ሜታር የሚሉት፣ ኤች-ኤ-ኤ-ቢ በሚል መለያ በኢንተርኔት በነፃ የሚገኝ። በመልእክቱ ውስጥ በዘንግ መስመር የተለዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ 27/11። የፊተኛው ሙቀት፣ የኋለኛው የጤዛ ነጥብ ነው፤ አየሩ ቀዝቅዞ እርጥበቱ ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት ማለት ነው። ልዩነታቸውን በ125 ስታበዙት የደመናው ግርጌ ከመሬት በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚሆን ግምት ይሰጣችኋል። 27/11 ከሆነ ልዩነቱ 16፣ ግርጌው 2,000 ሜትር ነው። መሐል ከተማው ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግርጌው 4,350 ላይ ይውላል፤ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ከፍታ በእኛ ሰማይ 5,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከእሱ በታች ነው፣ ጥሩ ነው። 27/5 ከሆነ ግን ግርጌው 2,750 ሜትር፣ ከባሕር ጠለል ሲለካ 5,100 ይሆናል። እንዲህ ያለው ደመና ቢያድግም የሚጥለው ዝናብ ደረቁን አየር አቋርጦ መሬት ሳይደርስ ይተናል። የሚደርሰው ቀዝቃዛ ነፋስ ብቻ ነው፤ የግንባታ ቦታውን አቧራ አንስቶ፣ የተሰጣ ልብስ በትኖ ያልፋል። «ጠቁሮ ጠቁሮ ያልፋል» የሚባለው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ነው።

የውጭ መመሪያዎች «የጤዛ ነጥቡ 15 ካልሞላ አትጠብቁ» ዓይነት ነገር ሲሉ ተስፋ አትቁረጡ። እዚህ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በአንድ ኪሎ አየር ውስጥ ያለው የውሃ ትነት በዚያው የጤዛ ነጥብ ይበልጣል። የአዲስ አበባ 10 ዲግሪ የጤዛ ነጥብ በኪሎ አየር 10 ግራም ገደማ ትነት ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ ለዚህ 14 ዲግሪ ያስፈልጋል። በእኛ ግምት ጠዋት 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀኑ ተስፋ አለው። ከ5 በታች ከሆነ ሌላ ሥራ ያዙ። ከሰዓት በኋላ በሜታሩ ውስጥ «ሲቢ» ከተጻፈ የነጎድጓድ ደመና ታይቷል ማለት ነው፤ «ቪሲቲኤስ» ከሆነ ነጎድጓዱ ከአየር ማረፊያው ወጣ ብሎ በአካባቢው ነው፣ «ቲኤስ» ከሆነ እዚያው ላይ ነው።

ጠዋት የሚታየው ሁለተኛው ነገር ዊንዲ የተባለው የትንበያ ካርታ ነው። ለዚህ ሥራ የሚከፈልበት ደረጃው አያስፈልግም፤ በየሰዓቱ የሚል ዝርዝር ቢሰጥም ሥር ያለው ስሌት ያው ነው፣ ክፍያውም ከውጭ አገር ካርድ ጋር የሚያነካካ ጣጣ ነው። በነፃው ላይ አዲስ አበባን ተጭናችሁ ሳውንዲንጉን፣ የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበትና ነፋስ በየከፍታው የሚያሳየውን ሥዕል፣ ክፈቱ። ኢሲኤምደብሊውኤፍ የተባለውን የአውሮፓውያን የትንበያ ስሌት ምረጡ፤ ሳጥኑ 9 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከጂኤፍኤስ ይልቅ ተራራችንን ያውቃል። ከፍታ ስትመርጡ ተጠንቀቁ፦ ከፍታው የሚሰጠው በአየር ግፊት ነው፤ 850 ሄክቶፓስካል የሚባለው ደረጃ 1,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያ ከመሬት በታች ነው። እዚያ የሚታየው ነፋስና እርጥበት በስሌት የተሞላ እንጂ ያለ ነገር አይደለም። ኬ-ኢንዴክስን የመሰሉ 850ን የሚጠቀሙ የነጎድጓድ መለኪያዎችም በዚሁ ምክንያት ለእኛ ትርጉም የላቸውም። እኛ የምናየው 700ን ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ከፍታ ገደማ ማለት ነው። እዚያ አየሩ እርጥብ ከሆነና ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ከሆነ የሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ደርሷል። ቀጥሎ 600 እና 500ን እዩ፤ ደመናውን ወዴት እንደሚነዱት ይናገራሉ። ኬፕ በሚባለው፣ አየሩን ወደ ላይ የሚገፋውን ጉልበት በሚለካው ቁጥር ደግሞ የቆላ መለኪያ አትጠቀሙ። ለደጋ 500 እና 1,000 መሐል ያለ ኬፕ ጥሩ ነጎድጓድ ለማውጣት ይበቃል፤ ደመናው ጉዞውን የሚጀምረው ከበረዶው ከፍታ አጠገብ ስለሆነ። በረዶ በከተማችን ብዙ ጊዜ ሳይቀልጥ መሬት የሚደርሰውም ለዚህ ነው፤ ከተማው ራሱ ግማሽ መንገዱን ወደ ላይ ወጥቶ ይቀበለዋል።

የቀኑ አካሄድ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የጤዛ ነጥቡንና ሳውንዲንጉን እዩ። እስከ 6 ሰዓት ኢዩሜትቪውን መክፈት አያስፈልግም። 6 ሰዓት ላይ ጂኦከለሩን ክፈቱና እንጦጦን፣ ወጨጫን፣ የረርንና ዝቋላን ፈትሹ፤ ተራራው ከሜዳው ቀድሞ ስለሚሞቅ የመጀመሪያዎቹ ጉብታዎች እነሱ ላይ ይቆማሉ። ከ7 ሰዓት ጀምሮ ኢንፍራሬዱን በየ10 ደቂቃው። አንድ ደመና ሲፈርስ ከሥሩ የሚወጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ዙሪያውን ይስፋፋል፤ በጂኦከለሩ ላይ ቀጭን የደመና ቅስት ሆኖ ሊታይ ይችላል። የረር ላይ የወደቀ ዝናብ እንዲህ ያለ ቅስት ወደ ቦሌ ከላከ ዓይናችሁን ከቅስቱ ፊት አትንቀሉ፤ ሁለተኛው ደመና የሚወለደው እዚያ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከመጀመሪያው ይበረታል።

ዳታ ለመቆጠብ አኒሜሽኑን አታጫውቱ። የሦስት ሰዓት አኒሜሽን 18 ምስል ነው፤ ሁሉም ይወርዳል። በሰዓት መስመሩ ላይ በእጅ ሦስት ምስል ማመላለስ ያንኑ ይነግራችኋል። ነጎድጓዱ ሲቀርብ ደግሞ መብራት ሊጠፋ፣ ኔትወርክም ሊደክም ስለሚችል የመጨረሻውን ምስል ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ።

ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያድነው በባትሪ የሚሠራ ተራ ራዲዮ ነው። መካከለኛ ሞገድ ላይ አድርጋችሁ ወደ ታችኛው ጫፍ፣ 530 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ ጣቢያ ወደሌለበት ውሰዱት። እያንዳንዱ መብረቅ «ጭርርቅ» ብሎ ይሰማል። ድምፁ በየደቂቃው አልፎ አልፎ ከሆነ ሩቅ ነው፤ ከተደጋገመና ከጎረነነ እየቀረበ ነው። የስልክ ቻርጀርና ኤልኢዲ አምፖል ራዲዮው ላይ የማያቋርጥ ጩኸት ይለቃሉ፤ ይህን ከመብረቅ የሚለየው አለማቋረጡ ነው። መብራት ሲጠፋ ራዲዮው የሚጠራውም ለዚህ ነው። በምሽት አትመኑት፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መካከለኛ ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር እየነጠረ ስለሚመጣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የራቀ መብረቅም ይሰማል። ገበያ ላይ ያሉት የቤት መብረቅ ጠቋሚዎች አብዛኞቹ በዚሁ ክልል፣ በ500 ኪሎኸርዝ ገደማ የሚያዳምጥ ቺፕ ነው የያዙት። «እስከ 40 ኪሎ ሜትር» ይባልላቸዋል፤ መሐል ከተማ ግን የአሳንሰር ሞተሩና የኤልኢዲ አምፖሉ መብረቅ እየመሰላቸው በሐሰት ይጮኻሉ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ራዲዮውን በዚያው ክፍል ሞክሩት፤ ራዲዮው ከተረበሸ ጠቋሚውም ይረበሻል።

አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪመጣ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ለ3 አካፍሉት፣ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። 30 ሰከንድ ካልሞላ ከሰገነት ውረዱ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ውጡ፣ ከመስቀል አደባባይ ገላጣ ተነሱና ወደ ሕንፃ ወይም ወደተዘጋ መኪና ግቡ። የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ከመስኮት ውስጥ ሆናችሁ አንሱ፤ የተሰካውን ነገር ሁሉ ነጎድጓዱ ከመድረሱ በፊት ንቀሉ። ነጎድጓድ በመናፈቅና ሰገነት ላይ ቆሞ በመቀበል መካከል ትልቅ ልዩነት አለ።

ይህ ሁሉ የበልግ አነባበብ ነው። በበልግ ከላይ የሚነፍሰው ነፋስ ብዙውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሆነ የደመናው አናት ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል፤ የሜቲዮሳት-12 መገፋትም ወደዚያው ስለሆነ ሁለቱ ተደማምረው ደመናው ከሚገባው በላይ ወደ ቢሾፍቱና ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ የሄደ ያስመስሉታል። ሰኔ አልፎ ክረምቱ ሲጠነክር የላዩ ነፋስ ይገለበጣል፤ ከምሥራቅ ይነፍሳል፣ አናቶቹም ወደ አምቦ ይዘረጋሉ። ደመናው እርስ በርሱ ተያይዞ አገሩን ስለሚሸፍን በኢንፍራሬድ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ያን ጊዜ ኢንፍራሬዱን ዘግቶ የመብረቅ ሌየሩን ብቻ ክፍት መተው ይሻላል።